የሳምንቱ ሰው

ዶክተሩ ጉልበቱን ሳይነኩት ፈረሙ።

ማርሴል ፕሩት የሱሪውን ግራ እግር እስከ ጭኑ ጠቅልሎ፣ የምርመራው አልጋ ላይ ተንጋሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ነበር የሚጠብቀው። የሚመጣበትን ያውቀዋል። የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ሐኪም ሁሉ አንድ ነው፤ አንድ እጁን ከጉልበት በላይ፣ ሌላውን ከጉልበት በታች ያደርግና ቅልጥሙን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ጅማቱ ጤነኛ ከሆነ እግሩ ንቅንቅ አይልም፤ ከላላ ግን እንደ መሳቢያ ተንሸራቶ ይወጣል። ማርሴል በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ፣ ቡድኖች ሲያማርጡት፣ በአንድ ቀን ሃያ ስድስት ሐኪም እየተቀባበለ ጎትቶታል። ያን ቀን ጉልበቱ ከማበጡ የተነሳ ሱሪው አልወልቅ ብሎ በመቀስ ነው የተቀደደው። የገና በግ እንኳ እንደዚያ አልተዳሰሰም።

ዶክተር ሌኖክስ ግን የጤና ምርመራ ወረቀቱን አገላበጡ፣ ጠባሳዎቹን በመነጽራቸው አናት አየት አደረጉና፣ "ያምሃል?" ብለው ጠየቁ።

"ኧረ በፍጹም! ምንም አይለኝም።"

"ጥሩ።" ፈረሙ። "ሱሪህን አስተካክል።"

"በቃ?"

"በቃ" አሉ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት።

ማርሴል የጠቀለለውን ሱሪ በደስታ ወደ ታች መለሰው። የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነው፣ ኳርተርባክ ነው፣ የቡድን ኳስ ወርዋሪ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የሉዊቪልን ቡድን የመራ ነው፤ ሉዊቪል ከአራት ሳምንት በፊት "እናመሰግናለን" ብላ አሰናብታዋለች። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ያቃጨለው ለማስታወቂያና ለሚስቱ ብቻ ነው። ትናንት ሰኞ ግን የቶሌዶ ቡድን ደወለ። "ሁለተኛው ወርዋሪያችን ጣቱ ተጎድቷል፣ ነገ ና እንይህ" አሉት። ይኸው አምስት ሰዓት ነድቶ መጣ። ቶሌዶ የፊታችን እሁድ የምትጫወተው ደግሞ ከማን ጋር ነው? ከሉዊቪል ጋር! እግዜር ሲክስ እንዲህ ነው አለ በሆዱ።

ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ለሚስቱ ለጄኒስ ደወለ። ጄኒስ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት፤ በሥራ ሰዓት በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"እህ፣ ምን አሉህ?"

"አለፍኩ!"

"ጎትተውህ?"

"አልጎተቱኝም። አየት አድርገው ፈረሙ።"

ከኋላዋ የጥርስ መቦርቦሪያው ይጮሃል።

"ማርሴል፣ ያንተን ጉልበት ሳይጎትት የፈረመ ሐኪም አይቼ አላውቅም።"

"አንቺ ደግሞ! ደስ ሲለኝ አትወጂም እንዴ?"

"ደስ ሲልህማ እወዳለሁ። ሲያልቅብህ ነው የማልወደው። ቤት ውስጥ የምትቀመጠው ከእኔ ጋር ነዋ።"

"ይሄ የመጨረሻው ነው ብዬሻለሁ።"

"አምናም ብለኸኛል። በል ሂድ፣ ሰው መጣብኝ።" ስልኩን ልትዘጋ ስትል መለስ አለችና፣ "ግራ እግርህን ጠበቅ አርገህ እሰረው" አለችው።

ያ ግራ ጉልበት ሦስት ጊዜ ነው የተበጠሰው። የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ እያለ፣ ሦስት ሰው ተጋግዞ ወድቆበት፤ ከዚያው ከእግሩ ጅማት ቆርጠው ጠገኑት። ሁለተኛው በሃያ ሰባት ዓመቱ፣ በማያይበት በኩል የመጣ አንድ ሰው መቶት፤ ያኔ ከቀኝ እግሩ ቆርጠው ጠገኑት። ሦስተኛው አምና ነው። ማንም አልነካውም። እግሩ ሣሩ ላይ እንደተተከለ ሰውነቱ ዞረ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማ፣ አለቀ። ከራሱ የሚቆረጥ ስላልቀረ የሞተ ሰው ጅማት ገባለት። "ሟቹ ሰውዬ ስፖርት አይወድም ነበር መሰለኝ፣ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ይለኛል" እያለ ሰውን ያስቅ ነበር። ሳቁ ለሰው ነው። ብቻውን ሲሆን እግሩን ይረግመዋል።

ኳስ የሚወረወረው በክንድ የሚመስለው ለማያውቅ ነው። ኳስ የሚወረወረው በእግር ነው። ግራ እግርህን ወደፊት ትተክላለህ፣ መላ ሰውነትህ በዚያች እግር ላይ ይዞራል፣ ክንድህ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ግራ እግሩን የማያምን ኳርተርባክ ወደኋላ እየሸሸ ይወረውራል፤ ኳሷም አየር ላይ ትንቀዋለላለች፣ ለባላጋራ ሲሳይ ትሆናለች። ማርሴል ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ግን አንድ ነገር ማወቅና ለራስ መንገር ለየቅል ናቸው።

ሜዳው ላይ ከቶሌዶ አጠገብ ካለው ሐይቅ የሚመጣው የኅዳር ነፋስ ፊት ይልጣል። የወርዋሪዎቹ አሰልጣኝ ኮች ሃስኪ ሞቅ ያለ ሰው ነው፤ ገና ሲያየው እቅፍ አደረገው።

"ማርሴል ፕሩት! እንዴት ያለ ስም ነው! አባቴ ይሙት፣ ስንት እሁድ ነው ያስለቀስከን!"

"አሁንም አለሁ ኮች። ያለቀስክበትን ልክስህ ነው የመጣሁት።"

"እሱን እናያለን። በል ወርውር።"

ለእንዲህ ያለ ፈተና ስልሳ ኳስ ያስወረውራሉ። ከግራ፣ ከቀኝ፣ እየሮጡ፣ እየተገፉ። ማርሴል አሥራ ሁለት ወረወረ። ስምንቱ እንደ ድሮው ሄዱለት። ዘጠነኛዋ ላይ ግራ እግሩን ሲተክል ጉልበቱ ውስጥ አንድ ነገር ሸተት አለ፤ ኳሷ ከተቀባዩ ሦስት ክንድ ርቃ ወደቀች። ደነገጠና ሃስኪን አየው። ሃስኪ ግን ሰዓቱን እያየ ነበር፤ ሦስት ኳስ ቆይቶ አስቆመው።

"በቃ በቃ! ክንድህ እሳት ነው! ብርድ ላይ ምን አቆመን፣ ወደ ውስጥ እንግባ።"

እሰይ፣ አላየም! አለ ማርሴል በሆዱ። ሞኝ። ሰው ሲጨንቀው ዓይኑ የሚያየው የፈለገውን ብቻ ነው። ወርዋሪ ፈልገው ጠርተው፣ ሲወረውር የማያዩት ለምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም።

ውስጥ ነጭ ሰሌዳ ያለበት ጠባብ ክፍል ገቡ። ዶናትና ቡና ተቀምጧል። ጥጉ ላይ ጉስ የሚሉት ወፍራም ሰውዬ ማስታወሻ ደብተር ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ጉስ የተከላካዮቹ አሰልጣኝ ነው፤ ሥራው የባላጋራን ኳርተርባክ አሳድዶ መሬት ላይ ማንጠፍ ነው። ወርዋሪ ሲፈተን እሱ እዚያ ምን ያደርጋል? ማርሴል ይህንንም አልጠየቀም።

"እስቲ ደግሞ ጭንቅላትህን አሳየን" አለ ሃስኪ ማርከሩን እየሰጠው። "ክንድ ያለው ሞልቷል። ጭንቅላት ያለው ነው የጠፋው።"

አቤት ደስታው! አራት ሳምንት ሙሉ ማንም ምንም ያልጠየቀው ሰው ነው። ተነሳ፣ ማርከሩን ከፈተ፣ ሰሌዳውን በክብና በቀስት ሞላው። ኳርተርባክ ኳሷን ተቀብሎ እስኪወረውር ሦስት ሰከንድ የማይሞላ ጊዜ ነው ያለው። ያን ጊዜ የሚገዙለት ፊቱ የቆሙት አምስት ግዙፍ ጠባቂዎች ናቸው፤ ወደየት ዞረው እንደሚከላከሉለት በአንድ ቃል ጮሆ የሚነግራቸው ደግሞ እሱ ነው። ቃሉን የሚያውቅ ጠላት በሩ በየት በኩል ክፍት እንደሆነ ያውቃል።

"የሉዊቪልን ቃላት ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ" አለ ማርሴል ደረቱን ነፋ አድርጎ። "ያሳደጉኝ ሦስት አክስቶቼ ናቸው። በእነሱ ስም ነው የሰየምኳቸው።"

"አትለኝም!" ሃስኪ ሳቁን ለቀቀው።

"እውነቴን ነው! ኦዴል ካልኩ አምስቱም ወደ ቀኝ ይዞራሉ፣ ግራ ባዶ ይቀራል። አክስቴ ኦዴል ግራ ጆሮዋ አይሰማማ! ቨርና ካልኩ ወደ ግራ ነው፤ ቨርና ግራኝ ናት።"

"ሦስተኛዋስ?"

"ሉዊዝ? ሉዊዝ ውሸታም ናት። ሉዊዝ ከተባለ ማንም አይዞርም፣ ለማደናገሪያ ነው።"

ጉስ ሆዱ እስኪነቀነቅ ሳቀ። እየሳቀም ይጽፋል።

"አሁንም በእነዚሁ ነው የሚጫወቱት?" አለ ሃስኪ።

"ያለፈው እሁድ በቴሌቪዥን ሰምቼዋለሁ። ያ ጩጬ የአክስቶቼን ስም እየጠራ ሲጮህ።"

ጩጬው ታነር ቮግት ነው። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ የማርሴልን ቦታ የወረሰ። ማርሴል አምና በክራንች ሲሄድ፣ አራት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት በመኪናው ወደ ሕክምና ያመላለሰው እሱ ነው። ማርሴል ግን ከጎኑ ተቀምጦ የልጁን ሁለት ጤነኛ ጉልበት እያየ ሆዱ ይቃጠል ነበር። ደግ ሰው ቦታህን ሲወስድብህ መጥላት እንኳ አይመችም።

ጉስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። "ኦዴል ሲል ኳሷን ምን ያህል ይዟት ይቆያል?"

"በሁለት ሰከንድ መልቀቅ አለበት። እኔ በአንድ ተኩል ነበር የምለቃት።"

"እሱስ?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይችል ነበር። አላለም።

"እሱማ ይዘገያል" አለ። "ቆንጆ ነገር ካልሠራሁ ይላል። ወደ ግራ ዞሮ አያይም። ግራ እግሩን ተክሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሦስት ሰከንድ ይቆማል። እንደ ሐውልት።"

ጉስ ጻፈ። ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

አንድ ሰዓት ተኩል አወራ። ሲጨርስ ሃስኪ ተነስቶ ጨበጠው፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "የልምምድ ቡድን ውስጥ እናስገባሃለን። ወረቀቱ እየተዘጋጀ ነው፣ ከምሳ በኋላ ትፈርማለህ። ለጊዜው እስከ ሰኞ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እናያለን።"

"ለጉልበቴ ድጋፍ ያስፈልገኛል ኮች። ነገ ልምምድ ካለ።"

"ድጋፍ?" ሃስኪ ነገሩ ከየት እንደመጣበት ግራ እንደገባው ሰው አየው። "እ... አዎ። ዶክተሩ ጋ ጠይቅ።"

ማርሴል ወደ ዶክተር ሌኖክስ ክፍል ተመለሰ። እሳቸው ጠረጴዛቸው ላይ ሳንድዊች እየበሉ ነበር።

"ዶክተር፣ የጉልበት ድጋፍ ፈልጌ ነው።"

"ለምንህ?"

"ለመጫወቻ ነዋ።"

ዶክተሩ ማኘካቸውን አቆሙ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ለማርሴል መገለጥ የጀመረው። ጄኒስ በስልክ ያለችውን አሰበ፤ አሥራ ሁለቷን ኳስ አሰበ፤ ጉስ ያሰመረውን መስመር አሰበ። ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ጠቀለለና አልጋው ላይ ወጣ።

"ይጎትቱኝ" አለ።

"ማርሴል፣ እኔ ፈርሜልሃለሁኮ..."

"ፈርመዋል፣ አልጎተቱም። ሃያ ስድስት ሐኪም በአንድ ቀን የጎተተኝ ሰው ነኝ። እርስዎን ምን ከለከለዎት?"

ዶክተር ሌኖክስ ሳንድዊቻቸውን በወረቀት ጠቀለሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ መታጠባቸው ረዘመ። ሽማግሌ ናቸው፤ ጡረታቸው ደርሷል። ጀርባቸውን እንደሰጡ ተናገሩ።

"የሳምንቱን ሰው አንጎትትም።"

"የሳምንቱ ሰው ማለት?"

"ታውቀዋለህ ልጄ። አታስለፍልፈኝ።"

አዎ፣ ያውቀዋል። የማያውቅ ተጫዋች የለም። እሁድ የምትገጥመው ቡድን በቅርቡ ያሰናበተውን ሰው ማክሰኞ ትጠራዋለህ፣ ታሞቀዋለህ፣ ሰሌዳ ፊት ታቆመዋለህ፣ ሰኞ ታሰናብተዋለህ። ሕግም አይከለክልም። ሉዊቪል እያለ ማርሴል ራሱ እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል፤ አንድ ጺማም ሰውዬ፣ ፊቱ በደስታ እያበራ፣ የድሮ ቡድኑን ምሥጢር ሲዘረግፍ ቡና ቀድቶለታል። ሰውዬው ሲወጣ ከኋላው ተሳስቀውበታል። ስሙን እንኳ አልጠየቀውም። ዛሬ ተራው የእሱ ሲሆን ግን፣ እኔን የጠሩኝ ለክንዴ ነው አለ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የማርሴል አፍ ግን ያመለጠው እየሳቀ፣ በዶናት ታጅቦ ነው።

"ይጎትቱኝ" አለ እንደገና፤ ድምፁ ወረደ። "ስለ እግዜር ብለው ዶክተር። አንድ እውነት ይዤ ልሂድ።"

ዶክተሩ መጡ። አንድ እጅ ከላይ፣ አንድ እጅ ከታች። ጎተቱ። ቅልጥሙ ያለ ምንም እምቢታ፣ ዘይት እንደተቀባ መሳቢያ፣ ተንሸራቶ ወጣ። ማርሴል አየው። ዶክተሩም አዩት። አንዴ ደገሙት፣ ከዚያ በጥንቃቄ መልሰው አስቀመጡት፤ እጃቸውንም ጉልበቱ ላይ ትንሽ አቆዩት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"አላውቅም። ነሐሴ ይሆናል። ሸተት ሲለኝ ዝም ብዬ ነበር።"

"ሄዷል። ይሄኛውም ጅማት ተበጥሷል። አንድ ሰው ጠንከር አድርጎ ቢመታህ የምታጣው ጨዋታውን ብቻ አይደለም፤ በአርባ ዓመትህ ደረጃ በቂጥህ ነው የምትወርደው።"

ማርሴል ኮርኒሱን አየ። ማልቀስ ፈልጎ ነበር፣ እንባው አልመጣ አለው። የመጣው ንዴት ነው፤ በሃስኪ፣ በጉስ፣ በሟቹ ሰውዬ ጅማት፣ ከሁሉ በላይ በገዛ ምላሱ። "እንደ ሐውልት" ነበር ያለው። ከግራ የሚመጣው የቶሌዶ ተከላካይ መቶ ሃያ ኪሎ ይመዝናል። እሁድ ያ ልጅ "ኦዴል!" ብሎ ሲጮህ፣ በክፍቱ በኩል፣ ግራ እግሩን በተከለበት ይመጣበታል። ቀጭ የምትለውን ድምፅ ማርሴል ከአሁኑ ሰማት።

"ስማኝ" አሉ ዶክተሩ ወንበራቸውን ስበው እየተቀመጡ። "ጎትት ያለኝ የለም፤ ስለዚህ አልጎተትኩም። ወረቀቱ እንዳለ ይቆይ። የሳምንቷን ደመወዝ ትወስዳለህ፣ ነገሩ ሲረጋጋ ደግሞ አንዱ ጋ ትሞክራለህ። ሉዊቪልም ያስተምርልን ብለው ይፈልጉሃል ሲባል ሰምቻለሁ።"

እውነት ነው። የሉዊቪሉ አሰልጣኝ ሲያሰናብተው፣ "ለጸደይ ና፣ ልጆቹን ታስተምርልኛለህ" ብሎታል። ከፉትቦል ዓለም የቀረችው አንዲት በር እሷ ናት። ከዛሬው ሰሌዳ በኋላ፣ ማን እንደተናገረ ከታወቀ፣ እሷም ትዘጋለች። ካልታወቀ አትዘጋም። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ቶሌዶ አይናገር፣ ዶክተሩ አይናገሩ። ያልታወቀ ኃጢአት ስንቱን ሲያኖር አይቷል።

"ዶክተር፣ ያዩትን ይጻፉ" አለ።

"እርግጠኛ ነህ? ይሄ ከተጻፈ ከእንግዲህ ማንም ቡድን..."

"ይጻፉ። ቢያንስ ሌላ የሳምንቱ ሰው የሚያደርገኝ አይኖርም።"

ስልኩን አወጣ። አልጋው ላይ እንደተቀመጠ፣ ሱሪው እንደተጠቀለለ፣ ደወለ።

"ሽማግሌው!" የታነር ድምፅ በሳቅ መጣ። "የት ጠፍተህ ነው? ትናንት ስላንተ ሳወራ ነበር። ያቺ የተረገመች ጉልበትህ እንዴት ናት?"

"ጉልበቴን ተዋት። ብቻህን ነህ?"

"ምሳ ላይ ነኝ። ምነው?"

"ለእሁድ አክስቶቼን ቀይራቸው። ሦስቱንም። ቶሌዶ ያውቃቸዋል።"

የሹካ ድምፅ ቆመ። "እንዴት አወቁ? ከቴሌቪዥን ሰምተው ነው?"

ማርሴል ዓይኑን ጨፈነ። ልጁ በሩን ከፍቶ ሰጠው፤ አዎ ቢለው በቃ፣ ያልፋል። ግን ከቴሌቪዥን ነው የተባለ ወሬ ላይ ተነስቶ፣ በሳምንት አጋማሽ፣ የአምስት ሰው ልማድ የሚቀይር አሰልጣኝ የለም። "ግምት ነው፣ ተዉት" ይላል፤ ልጁም እሁድ ኦዴልን እየጠራ ይቆማል።

"እኔ ነኝ የነገርኳቸው" አለ። "ዛሬ፣ ሰሌዳ ላይ። ወደ ግራ ዞረህ እንደማታይም ነግሬያቸዋለሁ። እንደምትዘገይም።"

በዚያ በኩል የሰዎች ጫጫታ፣ የሳህን ድምፅ ይሰማል።

"ለምን?" አለ ታነር በመጨረሻ። የሕፃን ልጅ ድምፅ ነበር የወጣው።

"ጠየቁኛ። ከተጠየቅኩ ቆይቼ ነበር።"

"ይሄን ለኮች መንገር አለብኝኮ ማርሴል።" ሽማግሌው ማለቱን ትቶ ነበር።

"ንገረው። አሁኑኑ ተነስተህ ንገረው፤ ምሳህን በኋላ ትበላለህ።"

ስልኩ ተዘጋ። በሩ ላይ ሃስኪ ቆሟል፤ ወረቀቱን ይዟል፣ እስክሪብቶም አብሮት አለ። ሁሉንም እንደሰማ ፊቱ ላይ ይታያል። ማርሴል ጠቅልሎት የነበረውን ሱሪ ቀስ አድርጎ አወረደ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ ክራንቹን ከተወ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እያነከሰ፣ ሳይፈርም በአጠገቡ አልፎ ወጣ።